ገድለን አንጨርሳቸውም፦ የአውስትራሊያና የሸንኮራ ጉርጦች ጉዳይ

ነገሩ የጀመረው በ101 ጉርጦች ነው።

በጁን 1935 ሬጂናልድ መንጎመሪ የሚባል የነፍሳት ባለሙያ ከሃዋይ ይዟቸው መጣ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ያረፉት በሰሜን ምሥራቅ አውስትራሊያ፣ በኩዊንስላንድ ግዛት፣ ጎርደንቬል በምትባል የሸንኮራ አገዳ አገር ነው። ኩሬ ተዘጋጅቶላቸው ነበር። ተዋለዱ። በኦገስት 2,400 ጫጩቶች በየእርሻው ተለቀቁ። እስከ ማርች 1937 ድረስ የተለቀቁት ቁጥር 62,000 ደረሰ።

ዛሬ የእነዚያ ዘር ማንዘር ከአንድ ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ መሬት ይዟል። ኢትዮጵያን የሚያህል አገር ማለት ነው። ዘጠና ዓመት ሙሉ ሲገደሉ ኖረዋል። በዱላ፣ በመኪና ጎማ፣ በፍሪዘር፣ በወጥመድ። አንድ ጊዜም ቢሆን ጉዟቸውን ያቆመ ግድያ የለም።

እኔ ይህን ጉዳይ ለረጅም ጊዜ ስከታተል የቆየሁት ለዚህ ነው። ተስፋ የሚሰጡት ዘዴዎች የመጡት ሰዎች «እንዴት እንግደላቸው?» ማለቱን ትተው ሌላ ጥያቄ ሲጠይቁ ነው።

ለምን አመጧቸው?

የሸንኮራ ገበሬው ጠላት ጥንዚዛ ነበረች። እናቲቱ አፈር ውስጥ ትጥላለች። ከእንቁላሉ የሚወጣው ነጭ ትል የአገዳውን ሥር ይበላል። አገዳው ይጠወልጋል፣ ይወድቃል። በዚያን ጊዜ ሁነኛ ፀረ ተባይ አልነበረም። ገበሬው ሰው ቀጥሮ ትሉን በእጅ እስከማስለቀም ደርሶ ነበር።

በዚያ ላይ አውስትራሊያ በቅርቡ አንድ ትልቅ ድል አይታ ነበር። ከአሜሪካ አህጉር የገባው የበለስ ቁልቋል በሚሊዮን የሚቆጠር ሄክታር መሬት ወርሮ ገበሬውን ከቀዬው ሲያፈናቅል ነበር። ከአርጀንቲና አንዲት የእሳት እራት መጣችና ጥቂት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ቁልቋሉን በልታ አጸዳችው። ስለዚህ «ተባይን በጠላቱ ማጥፋት» የሚለው ሐሳብ ሰው ልብ ውስጥ ገብቶ ነበር። ይህን ሳያውቁ የጉርጡን ታሪክ «ሞኞች ነበሩ» ብሎ መዝጋት ልክ አይመስለኝም። የተማሩ፣ ለገበሬው የሚያስቡ ሰዎች ናቸው።

ግን አንድ ነገር ዘለሉ። የእሳት እራቷ ከመለቀቋ በፊት ከቁልቋል ሌላ ተክል ትበላ እንደሆነ ተፈትሿል። ጉርጡ ግን አልተፈተሸም። በ1932 ፖርቶ ሪኮ ላይ በተደረገ የሸንኮራ ባለሙያዎች ጉባኤ የጉርጡ ሆድ ሲከፈት ጥንዚዛ መገኘቱ ተነገረ። ሁሉም በዚያ ተደሰተ። የአውስትራሊያ ጥንዚዛ ከፖርቶ ሪኮው ጋር አንድ ዓይነት ጠባይ አለው ወይ ብሎ የሞከረ የለም።

አንድ ሰው ጮኸ። ዋልተር ፍሮጋት የሚባል ጡረታ የወጣ የነፍሳት ሊቅ ይህ እንስሳ ያገኘውን ሁሉ የሚበላ ነው፣ ነገ ራሱ መቅሰፍት ይሆናል ብሎ ጻፈ። የፌዴራሉ መንግሥትም ለጥቂት ወራት ተጨማሪ ልቀቱን ከልክሎ ነበር። የሸንኮራው ወገን ግፊት በረታና በ1936 እገዳው ተነሳ።

ጥንዚዛዋስ? ጉርጥ ዛፍ ላይ አይወጣም፤ መሬት ላይ ነው የሚያድነው። ጥንዚዛዋ ደግሞ ከአፈር ስትወጣ በርራ ዛፍና አገዳ ላይ ትሰፍራለች። ትሉ መሬት ውስጥ ነው፣ ጉርጥ አይቆፍርም። አገዳው ገና አጭር ሳለ ደግሞ እርሻው ጥላ የለውም፤ ጉርጥ ያለ እርጥበትና ጥላ ቀኑን አይውልም። ስለዚህ ሁለቱ ብዙም አይገናኙም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኬሚካል መጣና የገበሬው ችግር በዚያ ቀለለ። ጉርጡ ግን እርሻውን ትቶ መንገዱን ቀጠለ።

መርዙ

የሸንኮራ ጉርጥ ትልቅ ነው። በ2023 ኩዊንስላንድ ውስጥ የተገኘችው አንዷ 2.7 ኪሎ ትመዝን ነበር። ከዓይኑ ኋላ በግራና በቀኝ ሁለት ያበጡ ዕጢዎች አሉት። ሲነከስ ከእነሱ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ይወጣል። ይህ ፈሳሽ ልብ ያቆማል። እንቁላሉም መርዝ ነው። ጅራት ያለው ዋናተኛ እጭም መርዝ ነው። ሴቷ በአንድ ጊዜ ከ8,000 እስከ 30,000 እንቁላል ትጥላለች።

ደቡብና መካከለኛው አሜሪካ፣ በትውልድ አገሩ፣ አውሬው ከጉርጥ ጋር ከጥንት ጀምሮ አብሮ ኖሯል። አውስትራሊያ ውስጥ ግን እንቁራሪት እንጂ ጉርጥ የሚባል ነገር ከዚያ በፊት አልነበረም። የአገሩ አርጃኖ፣ የአገሩ እባብ፣ የአገሩ አዞ ይህን መርዝ አያውቅም። ያየው የሰባ እንቁራሪት ነው። ይነክሳል። ብዙ ጊዜ አንድ ንክሻ ይበቃል።

ጉርጡ ሲገባ በአንዳንድ ቦታ ቢጫ ነጠብጣብ ካላቸው ትላልቅ አርጃኖዎች ከአሥር ዘጠኙ አልቀዋል። ኩዎል የምትባል፣ ከድመት የምታንስ፣ ነጭ ነጠብጣብ ያላት፣ ልጆቿን በኪሷ የምትይዝ አዳኝ አለች። ካካዱ የሚባለው ትልቅ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ጉርጡ በ2001 ሲደርስ ከብዙ ቦታ ጠፋች። የንጹህ ውሃ አዞዎችም በአንዳንድ ወንዞች ላይ በብዛት ሞተው ተንሳፍፈዋል። እነዚህ አዳኞች ለአካባቢው ነባር ሕዝቦች ምግብም፣ ተረትም፣ የዘር ምልክትም ናቸው። ጉዳቱን በእንስሳ ቁጥር ብቻ መለካት ግማሹን መተው ነው።

የሚሮጡ ጉርጦች

መጀመሪያ ላይ ጉርጡ በዓመት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይስፋፋ ነበር። አሁን 50 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ምን ተፈጠረ?

በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ የሠራው ሪክ ሻይንና ባልደረቦቹ በሰሜን አውስትራሊያ ዳርዊን ከተማ አቅራቢያ፣ ፎግ ዳም በሚባል ቦታ፣ ጉርጡ ሳይደርስ ቀድመው ጠበቁት። ሲደርስ ለኩት። በ2006 ያወጡት ውጤት የሚገርም ነበር። ከፊት የሚደርሱት ረጅም እግር አላቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው። በየዓመቱ ከሁሉ የፈጠኑት ከሌሎቹ ቀድመው ሄደው ይገናኛሉ። እዚያ የሚዋለዱት እርስ በርሳቸው ነው። ልጆቻቸው ይበልጥ ይፈጥናሉ። ይህ ሰማንያ ዓመት እንኳ ሳይሞላ የተደረገ ለውጥ ነው። ዋጋም አስከፍሏቸዋል። በወረራው ግንባር ላይ ካሉት ትላልቅ ጉርጦች 10 በመቶ ያህሉ የጀርባ አጥንታቸው በአርትራይተስ ተይዟል። እንደዚያ ሆነውም ይሄዳሉ።

በ2009 የምዕራብ አውስትራሊያን ድንበር ተሻገሩ።

ግድያው

ሕዝቡ ዝም አላለም። ዳርዊን ላይም፣ ኪምበርሊ በሚባለው የሰሜን ምዕራብ አገርም በጎ ፈቃደኞች ባትሪ እያበሩ ሌሊቱን ሙሉ ጉርጥ ሲለቅሙ ከረሙ። ልጆች፣ ሽማግሌዎች፣ የከብት አርቢዎች። ይህን ያህል ሕዝብ ለዱር እንስሳ ብሎ እንቅልፉን ሲያጣ ማየት ልብ ይነካል። እኔ ይህን ድካም አላንቋሽሽም።

ውጤቱ ግን ልኩ ይታወቅ። አንድ ኩሬ ዙሪያ በየሳምንቱ ከተለቀመ ቁጥሩ ይቀንሳል። ሰው ሲያቆም ይመለሳል። እንዲያውም ጉርጥ ሲቀንስ ለቀሩት እጮች ምግቡ ይበዛል፣ ብዙው ይተርፋል። ከጣና ላይ እምቦጭ ነቅሎ ቆይቶ ሲመለስ ውሃው እንደገና አረንጓዴ ሆኖ የጠበቀው ሰው ይህን ድካም ያውቀዋል። ሌላም ችግር አለ። ጉርጥ ያልደረሰበት አካባቢ ሰው ለይቶ አያውቅም። በስህተት የአገሩን እንቁራሪት የገደለ ጥቂት አይደለም።

አገዳደሉም አከራካሪ ነበር። በጎልፍ ዱላ መምታት ነበረ። ፀረ ተሕዋሲያን ፈሳሽ መርጨት ነበረ፤ ይህ እንስሳውን የሚያሠቃይ ነው። አሁን ብዙዎች የሚመክሩት መጀመሪያ ፍሪጅ ውስጥ ማደንዘዝ፣ ከዚያ ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት ነው። ጉርጡ ራሱ ጥፋተኛ አይደለም። ይህን የሚያነሱ ሰዎች ትክክል ናቸው።

ላቦራቶሪውም ሞክሯል። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የሳይንስ ድርጅት በ1990ዎቹ ባለሙያዎቹን ቬንዙዌላ ድረስ ልኮ ጉርጥ የሚገድል ቫይረስ ፈለገ። ተገኘ። ግን የአገሩን እንቁራሪትም ይገድላል። ቆመ። እንደ 1935ቱ አለመሆናቸው እዚህ ላይ ይታያል፤ ከመልቀቃቸው በፊት ፈተሹ። ቀጥሎ እጩ ወደ ጉርጥነት እንዳይለወጥ በዘረ መል ለመግታት ተሞከረ። ያም ያኔ አልተሳካም፤ በቅርብ ዓመታት ማኳሪ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በአዲስ ዘዴ ተመልሶ ተነስቷል። የታሰበው የማያድጉ፣ እድሜያቸውን ሙሉ በእጭነት ቀርተው የሌሎችን ጉርጦች እንቁላል የሚበሉ እጮችን ማፍራት ነው። ሜዳ ላይ ከመውጣቱ በፊት ብዙ ፈቃድና ብዙ ጥንቃቄ ይጠብቀዋል። እንዲህም መሆን አለበት።

አዳኙን ማስተማር

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ግንባሩ ላይ መጀመሪያ የሚደርሱት ትላልቅ ጉርጦች ናቸው። አርጃኖው በሕይወቱ የሚያየው የመጀመሪያ ጉርጥ ትልቅ ነው። ትልቅ ጉርጥ ብዙ መርዝ አለው። ስለዚህ ለመማር ዕድል አያገኝም፤ የመጀመሪያው ትምህርት የመጨረሻው ይሆናል። ትንሽ ጉርጥ ቢበላ ኖሮ ያቅለሸልሸው ነበር፣ ያስመልሰው ነበር፣ ይተርፍ ነበር። ዳግመኛም አይነካውም። የበላው ያስታወከው ምግብ ሲሸተው እንኳ ሆዱ የሚገለበጥ ሰው ይህን ለመረዳት ምሁር መሆን የለበትም።

ታዲያ ትልቁ ሳይደርስ ትንሹን ቀድሞ ማብላት ይቻላል?

መጀመሪያ በኩዎል ተሞከረ። ዮናታን ዌብ፣ ሪክ ሻይንና ባልደረቦቻቸው በ2010 ያሳተሙት ጥናት ነው። በሰው እጅ ያደጉ ኩዎሎች የሚያቅለሸልሽ መድኃኒት የተጨመረበት ትንሽ የሞተ ጉርጥ በሉ። ታመሙ። ከዚያ ዱር ሲለቀቁ ሕያው ጉርጥ ሲያዩ አሽትተው ተዉት። ያልሠለጠኑት ግን ቶሎ እየነከሱ ሞቱ። ከዚህ በመነሳት ከጉርጥ ሥጋ የተሠራ፣ የሚያቅለሸልሽ መድኃኒት ያለበት ቋሊማ ተዘጋጀ። ኪምበርሊ ላይ ከሂሊኮፕተር እየተጣለም ተሞክሯል።

የኩዎል ነገር ግን ሌላም ትምህርት አለው። ጉርጡ ካካዱን ሲወር፣ በ2003፣ 64 ኩዎሎች ተይዘው አስቴልና ፖባሱ ወደሚባሉ ጉርጥ አልባ ደሴቶች ተወሰዱ። ተዋለዱ፣ ሺዎች ሆኑ። ሁሉም ተደሰተ። ከ13 ትውልድ በኋላ የእነዚያ ልጆች ጉርጥ እንዳይበሉ ሠልጥነው ወደ ካካዱ ተመለሱ። ጉርጡን ተዉት። ግን ዲንጎ የሚባለው የዱር ውሻ ጨረሳቸው። ደሴቱ ላይ አዳኝ ስላልነበረ ፍርሃቱን ረስተውት ነበር። አንድን እንስሳ ከአንድ አደጋ ማዳን ከሌላው አደጋ አያድነውም። ይህን ሳነብ ለሠሩት ሰዎች አዘንኩ፤ ግን ሳይደብቁ አሳተሙት፤ ለዚህ አከብራቸዋለሁ።

አርጃኖው ላይ የሠራችው ጆርጂያ ዋርድ-ፊር ናት። ቦታው ምሥራቅ ኪምበርሊ፣ ፎረስት ወንዝ ነው። አብረዋት የሠሩት የባላንጋራ ሕዝብ የአካባቢ ጥበቃ ሠራተኞች ናቸው። (ስሙ ከእኛ «ባላጋራ» ጋር ቢቀራረብም ዝምድና የለውም። እዚህ ወዳጆች ነበሩ።) አገሩን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የአርጃኖን ዱካ ሌላ ሰው በማያይበት ቦታ ያያሉ። ሕያው ትንንሽ ጉርጦችን በክር አስረው አርጃኖው ፊት አቀረቡ። በላ፣ ታመመ፣ ተማረ። ከዚያ ግንባሩ ደረሰ። ካልሠለጠኑት መካከል ጉርጥ የገጠማቸው ሁሉ ሞቱ። ከሠለጠኑት ከግማሽ በላይ በሕይወት ተገኙ።

አርጃኖን አንድ በአንድ እየፈለጉ ማብላት ግን ለትልቅ አገር አይሆንም። ስለዚህ ቀጥሎ የተደረገው ለሰው ጆሮ የሚከብድ ነበር። ግንባሩ ገና ሳይደርስ ጉርጥን ሆን ብሎ መልቀቅ! በኪምበርሊ የተለያዩ ቦታዎች ከ200,000 በላይ እንቁላል፣ እጭና ጫጩት ተለቀቀ። ዘጠና ዓመት ጉርጥ ሲገድል ለኖረ ሕዝብ ይህን ማስረዳት ቀላል አልነበረም። ግን ጉርጡ በወራት ውስጥ መድረሱ እንደሁ አይቀርም። ልዩነቱ ማን ቀድሞ ይድረስ የሚለው ነው፤ ትንሹ ወይስ ትልቁ። በ2024 የታተመው ውጤት ግልጽ ነው። ትንንሾቹ ቀድመው በደረሱበት አርጃኖዎቹ ቀጠሉ። ባልደረሱበት ሊጠፉ ምንም አልቀራቸውም።

ለአዞዎቹም በቡኑባ ሕዝብ ጠባቂዎችና በግዛቱ መንግሥት ትብብር ተመሳሳይ ነገር ተሠራ። መርዛማው ክፍል የወጣለት የጉርጥ ሥጋ ማቅለሽለሻ እየተጨመረበት በበጋ ውሃው ሲቀንስ፣ አዞዎች በየገደሉ ኩሬ ሲሰበሰቡ ተንጠለጠለላቸው። አጠገቡ የዶሮ ሥጋ ነበር። ቀናት ሲያልፉ አዞዎቹ ዶሮውን እየበሉ ጉርጡን ተዉት። የሞቱት ቁጥርም በእጅጉ ወረደ።

አንዳንዶች ያለ አስተማሪም ተምረዋል። ኪምበርሊ ላይ ራካሊ የሚባለው የውሃ አይጥ ጉርጡን ገልብጦ፣ ደረቱን ከፍቶ፣ መርዛማውን ቆዳ ሳይነካ ልቡንና ጉበቱን መብላት ጀምሯል።

መርዙ ወጥመድ ሲሆን

የጉርጥ ትልልቅ እጮች የራሳቸውን ዘር እንቁላል ይበላሉ። እንቁላሉን የሚያገኙት መርዙን አሽትተው ነው። ተመራማሪዎች ይህን ከተረዱ በኋላ ከጉርጥ ዕጢ የወጣውን መርዝ ማጥመጃ አደረጉት። በውሃ ውስጥ የተቀመጠ፣ ገብቶ የማያስወጣ ወጥመድ ነው። የጉርጥ እጭ በሺዎች ይሰበሰብበታል፤ የአገሩ እንቁራሪት እጭ ደንታም የለው። አንድ ኩሬ ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ጸድቷል። ዛሬ ተራ ነዋሪዎች በግቢያቸው ኩሬ ይጠቀሙበታል። ማታ ባትሪ ይዞ አንድ ጉርጥ ከማሳደድ አንድ ሙሉ ጫጩት ትውልድ ከውሃ ሳይወጣ ማንሳት የበለጠ ያዋጣል።

ቀጣዩ ግንባር

አሁን የሁሉም ዓይን ያለው ከብሩም ከተማ በስተደቡብ ነው። እዚያ ታላቁ ሳንዲ በረሃ እስከ ባሕር ዳርቻ ይደርሳል። ኪምበርሊን ከእሱ በስተደቡብ ካለው፣ ፒልባራ ከሚባለው አገር ጋር የሚያገናኘው ጠባብና ደረቅ መሬት ነው። ጉርጥ በቆዳው ውሃ የሚጠጣ እንስሳ ነው። ድርቅ ላይ ጥቂት ቀን ውሃ ካጣ ይሞታል። በዚያ መሬት ላይ የተፈጥሮ ውሃ በበጋ የለም። ያለው ለከብት የተሠራ ውሃ ነው፤ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ የአፈር ግድብ፣ የሚፈስ ገንዳ።

በሰሜኑ ግዛት ደረቅ አገር ይህ ተሞክሯል። በግድቦች ዙሪያ ዝቅ ያለ የጨርቅ አጥር ተተከለ። ከብቱ አጥሩን ተሻግሮ ይጠጣል፤ ጉርጡ አይሻገርም። ውሃ ፍለጋ የመጡት ጉርጦች አጥሩ ሥር በብዛት ሞተው ተገኙ። በ2013 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ይህን ሐሳብ ወደ ፒልባራ መንገድ ወሰደው። ወደ 100 የሚጠጉ የውሃ ነጥቦች ለጉርጥ ከተዘጉ ፒልባራን ማዳን ይቻላል ብሎ አሰላ። የፌዴራሉ ፓርላማም በ2019 ጉዳዩን መርምሯል።

እዚህ ላይ የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ይህ ሥራ መሠራት ያለበት ግንባሩ ሳይደርስ ነው። የሚጠይቀውም ጀግንነት አይደለም። የአፈር ግድቡን በታሸገ ታንከር መለወጥ፣ የሚያፈስ ቧንቧ መጠገን፣ ገንዳውን ጉርጥ ሊዘል ከሚችለው በላይ ከፍ ማድረግ ነው። ለከብት አርቢውም ውሃው አይባክንበትም። መሬቱ የካራጃሪና የንያንጉማርታ ሕዝቦች ነው፤ ጠባቂዎቻቸውም እያንዳንዱን የውሃ ነጥብ በስሙ ያውቁታል።

አንድ የሚያፈስ ገንዳ ግን መረማመጃ ይሆናል። ከፊት የሚመጡት ደግሞ እነዚያ ረጅም እግር ያላቸው ናቸው።